የአያ ተገኘ ቁርስ

እኛ ነጭ ጋዋን በለበስንበት ጊዜ፣ ማሕሌት ልጄ፣ እኛም እንዲሁ ነበርን እኮ። እንዳንቺው ቆመን፣ ቦርሳችንን አንጠልጥለን፣ አንድ እግራችን በር ላይ ሆኖ «ገባዎት?» እንላለን፤ «እንዴታ!» ይሉናል፤ በቃ፣ ውልቅ። አንቺም አሁን አዲሱን የደም ግፊት መድኃኒቴን አስረክበሽኝ ልትወጪ ነው። ቆይ፣ ቆይ እንጂ፣ ተቀመጪ። ያቺን በርጩማ ሳቢ። ምን ያስቸኩልሻል፣ ባጃጁ በፀዳና በአራዳ መካከል ሲመላለስ ነው የሚውል። እኔን ግን ተቀመጪ አትበይኝ፣ እየተንጎራደድሁ ነው የማወራሽ። የዚያችን ሰኞ ነገር ሳወራ መቀመጥ አልሆንልሽ ብሎኛል።

የቷ ሰኞ? እሱን ልነግርሽ አይደል!

አያ ተገኘ የሚባሉ የዛሪማ ገበሬ ነበሩ። ስኳር ታመው፣ ከስተው፣ በሰው ተደግፈው ጎንደር ሆስፒታል መጡልን። እኔ ነኝ ያስታመምኋቸው። ሸጋ ሰው! ታዛዥ ሰው! «አያ፣ ክንድዎን ይስጡኝ» ስላቸው፣ «እንዳልሽኝ ልጄ።» «አያ፣ ጠላ ቀርቷል ከእንግዲህ» ስላቸው፣ «እንዳልሽኝ ልጄ።» እንዲህ ያለ በሽተኛ በዕድሜ አንዴ ነው የሚገጥም፣ እና እኔም ወደድኋቸው።

ታዲያ ሁለት ሳምንት ተኝተው ተሻላቸውና ዓርብ ቀን ሊወጡ ሆነ። የኢንሱሊን መርፌውን ከእንግዲህ ቤታቸው ራሳቸው ሊወጉ ነው፣ እና ማስተማሩ የእኔ ሥራ ነው። ታዲያ እኔ ጎበዝ ነበርሁ እኮ! በዚያ ክፍል የሚያህለኝ አልነበረም፣ እንዲህ ደረቴን ነፍቼ ነው የማስተምር። መርፌው ላይ ያለውን መስመር አሳየሁ፣ ቦታ እያቀያየሩ ይውጉ አልሁ፣ ፍሪጅ ስለሌለዎት ብልቃጡን በእርጥብ አሸዋ ገንቦ ውስጥ፣ ጥላ ቦታ ያኑሩት አልሁ። ከዚያ፣ ይቺን ልብ በያት፣ «ጠዋት ጠዋት፣ ቁርስ ከመብላትዎ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው ይውጉ። አንድም ቀን እንዳይዘሉ! ከዘለሉ ወደዚሁ አልጋ ነው የሚመለሱት» አልሁ።

«እንዳልሽኝ ልጄ፣ አንድም ቀን አልዘልም።»

«ገባዎት?»

«እንዴታ! ገብቶኛል።»

መረቁኝ፣ ግንባሬን ሳሙኝ፣ ሄዱ። እኔም መዝገቡ ላይ «ተምረዋል» ብዬ ጻፍሁ። ተምረዋል! አየሽ ድፍረቴን?

ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ በአራዳ በኩል ነው የማልፍ። ሥጋ ቤቶቹ ተዘግተዋል። ያ ሁልጊዜ «ሲስተር፣ ጉበት ላስቀምጥልሽ?» የሚለኝ ልጅ ቢላውን አጣጥቦ ሰቅሎ፣ በሩ ላይ ተቀምጧል። «ዛሬስ ጉበት የለም?» አልሁት ለቀልድ። ሳቀብኝ። «ሲስተር፣ ዛሬ ሁዳዴ ገባ እኮ! አንቺ ራስሽ ቁርስ በልተሽ ነው የወጣሽ?»

አልበላሁም። ማን በልቶ! እኔም እኮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጿሚ ነኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ። እዚያው መንገዱ ላይ ቆምሁ፣ «ቁርስ» የምትለዋ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ጮኸችብኝ። አያ ተገኘ ጎህ ሲቀድ ያቺን መርፌ ይወጋሉ፣ ምክንያቱም አንድም ቀን እንዳይዘሉ ብያቸዋለሁ። ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም፣ ምክንያቱም ጾም ነው። መርፌዋ ደግሞ እህል አላገኘሁም ብላ አታርፍም፣ ደማቸው ውስጥ ያለችውን ጥቂት ስኳር አሟጣ ትጥላቸዋለች።

ሮጥሁ። የነርሶች አለቃችን ማትሮኗ ቢሮ ዘው አልሁ።

«ማትሮን፣ ሰው ልገድል ነው!»

«ምነው ሲስተር? ምን በላሽ?»

«ምንም አልበላሁም! ነገሩ እሱ እኮ ነው!»

ያበድሁ መሰላት። በኋላ ስነግራት ፊቷ አመድ ሆነ። ሞባይል ያን ጊዜ ከተማ ከተማውን ነው እንጂ ዛሪማ አልወረደም። ጤና ጣቢያውም ስልክ የለው። ታዲያ ምን ይደረጋል? አንድ ኪሎ ስኳር በቦርሳዬ፣ አንድ ጠርሙስ ውኃ በእጄ ይዤ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ።

አውቶቡስ አልሁሽ? ኤሊ ነው እንጂ! በየመንገዱ ይቆማል። እዚህ በግ ይጫናል፣ እዚያ ጆንያ ይወርዳል። ዳባት ላይ ጎማ ልፈትሽ አለ ሾፌሩ፣ ደባርቅ ላይ ደግሞ እንደገና ልፈትሽ አለ።

«ወንድሜ፣ በሞቴ፣ ሰው ሊሞትብኝ ነው!»

«ሲስተር፣ ይቺ ማኪና ናት፣ ክንፍ የላትም። ሊማሊሞን ቸኩሎ የወረደ ደግሞ አንድ ሰው አይደለም የሚሞትበት።»

እውነቱን ነው፣ ግን ማን ይሰማል? እነሣለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ሰዓቴን አያለሁ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ «እቴ፣ ቁንጫ አለብሽ?» ብላ ፈቀቅ አለችልኝ። በዚያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሁሉ ምን ብዬ እንደጸለይሁ ታውቂያለሽ? «አምላኬ፣ ዛሬን ብቻ፣ አያ ተገኘን እምቢተኛ አድርግልኝ።» በሽተኛ ባይታዘዘኝ ብዬ የተመኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዛሪማ ስደርስ ሰባት ሰዓት ሆኗል፣ ሙቀቱ ፊት ይጠብሳል። ቤታቸውን አጠያይቄ ደረስሁ። ሚስታቸው በር ላይ ናቸው።

«አያ መርፌያቸውን ወጉ?»

«ምን ማለትሽ ነው! እንዳልሻቸው፣ ጎህ ሲቀድ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።»

ሮጥሁ እንደገና። ከቅጥሩ ውስጥ ከወይራው ሥር ሰው ተሰብስቧል። አያ ተገኘ ተንጋለዋል፣ ልብሳቸው በላብ ርሷል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ያ የተባረከ አፍ ሰውን ሁሉ ይሳደባል። «መንፈስ ይዞት ነው፣ ጸበል ጨምሩበት» ይላል አንዱ። «ያዙት፣ ያዙት» ይላል ሌላው። እኔ በሰው መሀል ተሽሎክልኬ ገባሁ፣ ስኳሩን በውኃ በጥብጬ ወደ አፋቸው አስጠጋሁ። ገና መዋጥ ይችላሉ፣ ነፍስ አላቸው። ግን ጥርሳቸውን ግጥም!

«ጾም ነው! አልገድፍም!»

«አያ፣ እኔ ነኝ፣ ሲስተር ነኝ፣ በእመቤቴ!»

«እምቢ! አልገድፍም!»

አየሽ? እምቢተኛ አድርግልኝ ብዬ ለምኜ አልነበር? ጸሎቴ ሰባት ሰዓት ዘግይቶ ደረሰልሽ!

እያለቀስሁ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ ቄስ መቋሚያቸውን ይዘው መጡ፣ ሰዉ ገለል አለላቸው። የአያ ተገኘ የንስሐ አባት ናቸው፣ ለደብሩ ልጆችም ፊደል ያስቆጥራሉ፣ ሁሉም «የኔታ» ነው የሚላቸው።

«ምንድን ነው የያዝሽው?»

«ስኳር በውኃ፣ አባቴ።»

«ባይጠጣውስ?»

«ይሞታሉ።»

አልተከራከሩኝም። ጎንበስ አሉ፣ ኩባያውን ከእጄ ወሰዱ። «ተገኘ! እኔ ነኝ። የታመመ ሰው ጾም የለበትም፣ ፈትቼሃለሁ። ኃጢአት ከሆነ በእኔ ይሁን። አፍህን ክፈት።»

ያ የተገጠመ ጥርስ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ጠጡ። ደገምናቸው። ጥቂት ቆይቶ ላቡ ደረቀ፣ ዓይናቸው ሰው መለየት ጀመረ፣ ዳቦም አስቀመስናቸው፣ እና እኔን አይተው «ልጄ፣ አንቺ ደግሞ ከየት መጣሽ?» አሉኝ። ያን ጊዜ ነው አፈሩ ላይ ዝርፍጥ ያልሁ።

እፎይ ልል ስል የኔታ ዞሩብኝ። «ይህን መርፌ ማን ነው ያስተማረው?»

«እኔ ነኝ አባቴ። ግን እኮ ነግሬያቸዋለሁ፣ ገብቶኛል ብለውኛል…»

«ገብቶኛል!» አሉ፣ እንዲህ መቋሚያቸውን መሬት ላይ እየመቱ። «እኔ ዘንድ ያለውን ልጅ ሁሉ ‹ገባህ?› ብለው ‹ገባኝ› ይለኛል፣ አለንጋዬን ፈርቶ። ስለዚህ ገባህ ብዬ አልጠይቅም። ‹በል፣ ያልሁህን መልሰህ በለኝ› ነው የምል። ሲመልሰው ያኔ የጎደለውን አውቃለሁ፣ የልጁንም የራሴንም። ደግሞስ ቁርስ አልሽው፤ ይህ ሰው ስንት ሰዓት እንደሚበላ ጠይቀሽዋል?»

አልጠየቅሁም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደማቸውን ስለካ፣ ሽንታቸውን ስመረምር፣ ስንት ሰዓት እንደሚበሉ አልጠየቅኋቸውም።

የባሰውን ያሉኝ ግን አያ ተገኘ ናቸው። ከወይራው ሥር ተደግፈው፣ በለሆሳስ፣ ሳይቆጡኝ። «ልጄ፣ ያን ቀን ‹ጾሙንስ ምን ላድርገው?› ልልሽ ነበር። ግን ቸኩለሽ ነበር። እግርሽ በር ላይ ነበር።»

ይኸውልሽ። ይህች ናት እስከ ዛሬ የማታስቀምጠኝ። በማግስቱ ይዣቸው ጎንደር ተመለስሁ፣ ሐኪሙ ሰዓቱንም መጠኑንም አስተካከለላቸው። እኔም በርጩማ ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥሁና «አያ፣ እስቲ አሁን እርስዎ ያስተምሩኝ» አልሁ። ሁለት ቦታ ተሳሳቱ፣ ሁለቱም የእኔ ስሕተት ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ፣ ለገበያ በመጡ ቁጥር ብቅ ይሉና «ነይ፣ ላስተምርሽ» ይሉኝ ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማርና።

ምን ታዪኛለሽ? እህ፣ ይህን የመድኃኒት እሽግ ስለማገላብጠው ነው? በይ እንግዲያው ልናዘዝልሽ። ቅድም «ገባዎት እማማ?» ስትይኝ «እንዴታ!» አላልሁሽም? አልገባኝም። ነጯ ናት የጠዋቷ ወይስ ቢጫዋ? ግማሽ የምትሰበረውስ የትኛዋ ናት? ሠላሳ ዓመት መድኃኒት ያደልሁ ሴትዮ ይህ ጠፋት እንዳትይኝ አፈርሁ። አንቺም ቸኩለሽ ነበር። ያው እግርሽም…

እህ? ቦርሳሽን አወረድሽ? ተይ እንጂ፣ ያ ባጃጅ እኮ ያንቺ ነው፣ ሊሄድብሽ ነው!

«ይሂድ እማማ። መድኃኒቱ ትንሽ ይቆየን። መጀመሪያ እርስዎ ይንገሩኝ፤ ነገ ረቡዕ ነው፣ እህል የሚቀምሱት ስንት ሰዓት ነው?»