ስሙን የዋሸ ባትሪ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከወልድያ ወደ መርሳ ለመመለስ ሚኒባስ ስሳፈር፣ የኋላው ወንበር ላይ ጋሽ ሙላትና የእህታቸው ልጅ ቤዛ ሲከራከሩ አገኘኋቸው። ጋሽ ሙላትን በሀብሩ ወረዳ የማያውቃቸው የለም፤ የእኔን ጨምሮ የስንቱን ሰርግ ፎቶ ያነሱ ሰው ናቸው። ቤዛ በኤሌክትሪክ ምህንድስና ከተመረቀች ገና ዓመቷ ነው። እኔ መርሳ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ለዚህ ይሆናል ገና ሳልቀመጥ ለዳኝነት የጠሩኝ።

«እስቲ መምህር፣ አንተ ፍረድ» አሉ ጋሽ ሙላት፣ ከኪሳቸው የካሜራ ባትሪ አውጥተው። «ነገ ግራና ከተማ ሰርግ አለብኝ። አሮጌው ባትሪዬ ደክሟል። ይህን አሁን መናኸሪያው አጠገብ ካንድ አዟሪ ገዛሁ። እሷ ሐሰተኛ ነው ትለኛለች። የካሜራዬ ኩባንያ ስም ተጽፎበት የለ?»

«መጻፉስ ተጽፏል ጋሼ» አለች ቤዛ። «ግን ከአሮጌው ጋር ያስተያዩት። ጽሑፉ ደብዝዟል፣ አንድ ፊደልም ጎድሎታል። ሲይዙት ደግሞ ይቀላል።»

ሁለቱን ተቀብዬ በእጄ መዘንኳቸው። እውነትም አዲሱ ይቀላል። ጋሽ ሙላት ግን የሚያዩት ባትሪውን ሳይሆን የቤዛን ፊት ነበር።

«ቶይባ ናት የላከችሽ?» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ቶይባ መርሳ ላይ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያላት ሴት ናት። «ባለፈው ዋጋ ብጠይቃት ‹ከመንገድ እንዳይገዙ› ብላኝ ነበር። አንቺም ዛሬ ያንኑ ትደግሚያለሽ። ነጋዴና የተማረ ሰው ከተስማሙ የሚጎዳው ገዢው ነው።»

«ከቶይባ ጋር ዝምድናም ጥቅምም የለኝም። ቢጠረጥሩኝም አልቀየምም። ግን ያን አዟሪ ነገ ቢፈልጉት ያገኙታል?»

ጋሽ ሙላት ወደ ሌላ ጥርጣሬ ተሻገሩ። «ካሜራው ራሱ ተንኮለኛ ነው። ባትሪውን ስከተው ‹አላውቀውም› የሚል ጽሑፍ አወጣ። የእኔን ብቻ ግዙ ለማለት የኩባንያው ዘዴ ነው።»

ይህ ጥርጣሬ ከንቱ አልነበረም፤ ቤዛም አላጣጣለችውም። «እሱ እውነትነት ሊኖረው ይችላል» አለች። «ሌላ ኩባንያ በራሱ ስም የሚሠራው ደህና ባትሪ አለ፤ ካሜራው ባያውቀውም ይሠራል። እኔ የምፈራው በሰው ስም የሚሸጠውን ነው። ስሙን የዋሸ ውስጡን አይዋሽም? ደህናው ከልክ በላይ እንዳይሞላና እንዳይግል የሚያቋርጥ መከላከያ አለው። በዚህኛው ውስጥ ይኑር አይኑር ማን ያውቃል?»

ጋሽ ሙላት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። መርሳ ስንወርድ ግን «ኑ፤ ፊታችሁ ቻርጅ ላድርገውና ይለይልን» አሉን።

ፎቶ ቤታቸውና መኖሪያቸው በአንድ መጋረጃ ብቻ ይለያያሉ። ከመጋረጃው ጀርባ ባለቤታቸው እትዬ አልታየች ጉልበታቸውን ታመው ተኝተዋል። ጋሽ ሙላት ቻርጀሩን እንደ ልማዳቸው መጋረጃው ሥር ሊሰኩት ሲሉ ቤዛ በሩ አጠገብ ሲሚንቶው ላይ እንዲሆን ለመነቻቸው።

«እሺ፣ ልብሽ እንዲረጋ» አሉ።

ተቀምጠን ጠበቅን። እሳቸው እኛን በጥርጣሬ ያያሉ፣ እኛ ባትሪውን። ብዙም ሳይቆይ የተቃጠለ ፕላስቲክ የመሰለ ሽታ መጣ። የባትሪው ሆድ ተነፋ፤ ከጎኑም ቀጭን ጭስ ወጣ። ቤዛ ዘላ ገመዱን ከግድግዳው ሶኬት ነቀለች። ጋሽ ሙላት ባትሪውን ሊያነሱ እጃቸውን ሲዘረጉ ክንዳቸውን ያዘቻቸው። እኔ ጎረቤት ከሚሠራው ቤት ደጃፍ አሸዋ በባልዲ አምጥቼ ደፋሁበት።

«ሙላት፣ ምንድነው የሚሸተው?» አሉ እትዬ አልታየች ከውስጥ።

ጋሽ ሙላት መጋረጃውን ትኩር ብለው አዩ። «ምንም አይደል፣ አልፏል» አሏቸውና ወደ ቤዛ ዞሩ። «እዚያ ሰክቼው ልተኛ ነበር እኮ። ልጄ፣ አሁን ማንን ልመን?»

«ማንንም በጭፍን አይመኑ፤ ቶይባንም ቢሆን። ጥርጣሬዎን እንደያዙ እንሂድ።»

ወደ ቶይባ ሱቅ ሄድን። ጋሽ ሙላት እንደ መርማሪ ጠየቁ። የምትሸጪው ባትሪ ከየት መጣ? የሠራው ኩባንያ የራሱን ስም ጽፎበታል? ቮልቱ ከአሮጌው ጋር አንድ ነው? ካሜራውና ቻርጀሩ ላይ ሳልሞክረው ልከፍል ነው? ቶይባ የካሜራው ኩባንያ ባትሪ እንደሌላት፣ ያላት በራሱ ስም የታወቀ ሌላ መሆኑን ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

«አብሽሩ ጋሽ ሙላት» አለች። «ደረሰኝ እሰጥዎታለሁ። ካበጠ ወይም ከጋለ አይጠቀሙበት፣ መልሰው ያምጡልኝ፤ እኔ እዚሁ ነኝ። ሰው ሁሉ እንዲህ ቢጠይቅ ሐሰተኛውን የሚያመጣው አይኖርም ነበር።»

አንባቢ ሆይ፣ መጠርጠር ነውር አይደለም። የጋሽ ሙላት ስህተት ጥርጣሬያቸውን ሁሉ በመካሪያቸው ላይ ጨርሰው ለአዟሪው ምንም አለማስቀረታቸው ነበር። ሻጩን የሚያውቅ፣ ጽሑፉን የሚያነብ፣ ቻርጅ ሲያደርግ ከሚቀጣጠል ነገር የሚያርቅ፣ ያበጠ ባትሪ የማይጠቀም ሰው ካሜራውንም ቤቱንም ያድናል።

ሰኞ ዕለት ፎቶ ቤታቸው ጎራ ብዬ ሰርጉ እንዴት እንደዋለ ጠየቅኋቸው።

«ከቶይባ የገዛሁትን ባትሪ በየመሀሉ እየዳሰስኩ ዋልኩ፤ አልጋለም» አሉኝ። «ማምሻውን ሙሽሪት ከቤት ስትወጣ እናትየው አንገቷን አቅፋ አለቀሰች። ያችን ሰዓት አንስቻታለሁ። ባትሪው ያኔ ቢሞትብኝ ምን እላት ነበር? ‹እንደገና አልቅሺልኝ› እላት ነበር?»