ለላይ የተሠራ ቧንቧ

ሱዳን ውስጥ ከገዳሪፍ ወደ ወድ ኤል ሒለው በምትሄደው ሚኒባስ መጨረሻ ወንበር አካባቢ የነበርነው አያ ሙሉ፣ ልብስ ነጋዴዋ እቴነሽ፣ ታዴ እና እኔ ነን። ታዴ ጭኑ ላይ የተጠቀለለ የጎማ ቱቦ ይዟል።

«ይሄ ለምንህ ነው?» አሉት አያ ሙሉ።

«ነገ ወንዝ ገብቼ የምሠራበትን እርሻ ፓምፕ የውሃ መሳቢያ ከአረም ላጸዳ ነው። የእርሻው ወኪል የዋና መነጽርና መተንፈሻ ቧንቧ ገዛልኝ። ቧንቧው ስላጠረ ይሄን እቀጥልበታለሁ።»

«መሳቢያው ምን ያህል ይጠልቃል?»

«ሁለት ሰው ቁመት።»

«እና እዚያ ታች ሆነህ በዚህ ልትተነፍስ?»

«ጫፉ ከውሃ በላይ ነው፤ አየር ይገባል።»

«አይገባም! ውሃው ደረትህን ይጫነዋል፤ አየሩን መሳብ አትችልም። ፖርት ሱዳን ጀልባ ላይ ስሠራ አይቻለሁ። ቧንቧው ተንሳፍፎ ዓሣ ለሚያይ ነው። ታች የሚወርደው አየር የታመቀበት ሲሊንደር ይሸከማል፤ እሱንም ተምሮ ነው።»

«ወኪሉ ግን ሁለቱም ያው ነው አለኝ።»

«ያው ከሆነ እሱ አይገባበትም? ለእርሻው ትራክተር ኦሪጅናል ዕቃ ካልሆነ አይቀበልም፤ ላንተ ሳንባ የአትክልት ቱቦ!»

«እምቢ ካልኩት ያባርረኛል፣ አያ።»

«መሳቢያውን በዚያው ትራክተር ጎትቶ ያውጣው፤ ደረቅ ላይ ታጸዳዋለህ።»

«እስቲ እጠይቀዋለሁ።»

«ትጠይቀዋለህ?» አለች እቴነሽ። «ትነግረዋለህ እንጂ!»

እኔ እስክወርድ ድረስ ታዴ ጭን ላይ ያለውን ቱቦ ዙሩን ስቆጥር ነበር፤ ስድስት ይመስለኛል፣ አብራችሁን የነበራችሁ ከተሳሳትኩ አርሙኝ።