የሙሽራ መኪና ውስጥ የተኛው ሚዜ

በእኛ ጊዜ... ምን ያስቃችኋል? አምናም እኮ ጊዜ ነው! እሺ፣ ይሄን ካመናችሁኝ ከዛሬ ጀምሮ በሰው አላሾፍም። አታምኑኝም ግን፣ አውቃችኋለሁ።

ታዲያ የአክስቴ ልጅ መልስ ነው፣ ገርጂ፣ እሁድ፣ ጠራራ ፀሐይ። ወንድሜ ናቲ ሚዜ ነው። ሚዜ ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ሲያጅብና ሲጨፍር ይውላል እንጂ እህል አይቀምስም። እና እኔ ነገረኛዋ አረቄውን በሻይ ብርጭቆ ቀድቼ "ናቲ አይችልም! ናቲ ገና ጡት አልጣለም!" አልኩ። ሚዜዎቹ "ኧረ ናቲ፣ በህፃን ተዋረድክ!" አሉ። ጠጣ። ደገምኩለት፣ ጠጣ። እቀዳለሁ፣ እስቃለሁ፣ እቀዳለሁ።

ወደቀ። መኝታ ቤት አስገብተው በጀርባው አስተኙት፣ እና እማዬ "ተዉት፣ ይተኛና ይለቀዋል" አለች፣ ሁሉም ወደ ጭፈራው ተመለሰ።

እኔ ታዲያ ሲያንኮራፋ ቀርጬ ቲክቶክ ላይ ልለቀው ገባሁላችሁ። ያንኮራፋል፣ ግን ምን ዓይነት ማንኮራፋት... ኽርርር ይልና ዝም። ዝም። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል፣ እጁ በረዶ። "ናቲ!" በጥፊ አልኩት። ምንም።

"እማዬ፣ ናቲ አይተነፍስም!"

"ሂጂ ወዲያ! ዛሬን እንኳን ተይን!"

ማን ይመነኝ? ጎረቤታችንን ሲስተር አልማዝን በቀሚሷ ጎተትኳት፣ ነርስ ናት። ስታየው ፊቷ ተለወጠ። በጎኑ ስትገለብጠው ትውከቱ ዝርግፍ አለ። አክስቴ ሎሚ ጨምቃ እየሮጠች መጣች።

"እንዳትሰጪው! ያንቀዋል! መኪና!" አለች ሲስተር አልማዝ።

በር ላይ የቆመችው የሙሽራ መኪና ብቻ ናት፣ ከነአበባዋ፣ ከነሪባኗ። ናቲን ከኋላ በጎኑ አደረግነው፣ ራሱ ጭኔ ላይ፣ አባዬ ይነዳል። ኢምፔሪያል ስንደርስ መንገዱ ጥርቅም። አባዬ ክላክስ ያደርጋል፣ እና ሰዉ ምን ቢል ጥሩ ነው? መልሶ ክላክስ! ጲ ጲ ጲጲጲ! እልልልል! ማን ያሳልፈን? አንዱ የሚኒባስ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ "ሙሽሪት ትታየና!" ይለናል። ውስጥ ሲስተር አልማዝ "ተንፍስ ናቲዬ፣ ተንፍስ" ትላለች፣ ውጪ እልልታ።

መስኮቱን አወረድኩና "ሙሽራ የለም! ወንድሜ ሊሞትብኝ ነው!" ብዬ ጮህኩ። ሹፌሩ እየሳቀ ጎንበስ ብሎ አየ። ሳቁ ቀረ። "ወይኔ ልጄን!" ብሎ ሚኒባሱን እግረኛ መንገድ ላይ ሰቀላትና አሳለፈን።

ሆስፒታል ደግሞ ዶክተሯ "ምን ያህል ጠጣ?" አለች። አባዬ አፍሮ "ኧረ ትንሽ ነው... አንድ ሁለት ቢራ" አላት። ብናገር አባዬ አለ፣ ባልናገር ናቲ አለ።

"አምስት የሻይ ብርጭቆ አረቄ" አልኩ። "በባዶ ሆዱ። የቀዳሁለት እኔ ነኝ።"

አባዬ ዞሮ አየኝ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ናቲ የነቃው በማግስቱ ነው። እስኪነቃ ድረስ አልጋው አጠገብ ያለችውን ወንበር አልለቀቅኩም።

እና እናንተ፣ በእናታችሁ፣ ሚዜ ለሚሆን ሁሉ ንገሩልኝ። እህል ቅመሱ በሏቸው። ሰው ከወደቀ በጎኑ አስተኙት፣ ብቻውን አትተዉት፣ ጠርታችሁት ካልነቃ ሩጡ በሏቸው። ደግሞ ለምትቀዳዋም ንገሩልኝ።