ቀይ ጨርቅ ያላት ሮኬት

(ከመንደሩ በላይ ባለው ጉብታ ላይ አንሙት በገዛ እጁ የሠራትን ሮኬት ሊለኩስ ተንበርክኳል፤ ታላቅ ወንድሙ ስንሻው ጠመንጃ ይዞ ከኋላው ደርሶበታል፤ ከታች ባዘዘው ልጁን የሚድርበት ዳስ ይታያል።)

ስንሻው፦ ክብሪቱን ጣል ብያለሁ! ጣል!

አንሙት፦ ጋሼ፣ ሮኬት እኮ ናት። እሑድ እሑድ የምተኩሳት፤ ጨዋታ ናት።

ስንሻው፦ አባታችንን የገደለ ሰው እታች ልጁን ይድራል፤ አንተ እላይ ትጫወታለህ? እንካ!

አንሙት፦ ኧረ በሰደፍ አትምታኝ! ጥርሴን... ጥርሴን አወለቅከው!

ስንሻው፦ ትፋውና ስማኝ። ይቺን የወረቀት ጭልፊትህን ወደ ሰማይ አትልካትም። ወደ ዳሱ ታዞራታለህ።

አንሙት፦ ዳሱ ቅጠልና ሣር ነው! ውስጡ ሕፃናት አሉ!

ስንሻው፦ እኔስ ሕፃን አልነበርኩም? አባባ ሲወድቅ እጄን ይዞኝ ነበር። እጁ ቀዝቅዞ እንኳ አልለቀቀኝም፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ነው የፈለቀቁልኝ። አንተማ ሆድ ውስጥ ነበርክ፤ ምን ታውቃለህ!

አንሙት፦ ጠመንጃ ይዘህ የለም እንዴ? ውረድና በራስህ ጥይት ግደለዋ።

ስንሻው፦ ጥይት ባለቤቱን ይናገራል። ያንተ ሮኬት ግን ባለፈው የመሪጌታን ጣራ ብትበሳ፣ አገር ስቆ አለፈው። ዛሬም «ያ ቀልቃላ ሳተ» ብለው ያልፉታል።

አንሙት፦ ገባኝ። ደሙ ያንተ፣ እስር ቤቱ የእኔ።

ስንሻው፦ ስንቅ አመላልስልሃለሁ።

አንሙት፦ እግዜር ይስጥልኝ። ቆሎ ግን እንዳታመጣ፤ ጥርስ አላስቀረህልኝም።

ስንሻው፦ ትቀልዳለህ? በል፣ እነዚህን ትንንሾቹን ሮኬቶችህን እይ፤ ይቺ በእግሬ ሥር ገባች። ይቺም! ይቺም!

አንሙት፦ ተው! ተው ጋሼ! ክረምቱን ሙሉ የሲሚንቶ ከረጢት ጠቅልዬ፣ ክንፋቸውን ከጄሪካን በምላጭ ፍቄ ነው የሠራኋቸው!

ስንሻው፦ ትልቋን ትቼልሃለሁ። አዙራት። አለዚያ ቀጥሎ የሚሰበረው ጣትህ ነው።

አንሙት፦ እማዬ ብትሰማ ምን ትላለች?

ስንሻው፦ እማዬ ጠበል ናት። ስትመለስ ይህን ሁሉ ዘመን የለበሰችውን ከል ታወልቃለች።

አንሙት፦ ደም መልስልኝ ብላሃለች?

ስንሻው፦ እናት አፍ አውጥታ አትልም! አዙር!

አንሙት፦ ጣቴ! ጣቴን ልቀቀኝ! እሺ... አዞራለሁ። መጀመሪያ ነፋሱን ልየው።

ስንሻው፦ አፈሩን ምን ልታደርገው ትዘግናለህ?

አንሙት፦ ወዴት እንደሚቦንን ለማየት ነው።

ስንሻው፦ ይኸው፣ ወደ ዳሱ! እግዜርም ከእኛ ጋር ነው፤ ነፋሱ ይገፋልናል።

አንሙት፦ አዎ። ወደ ዳሱ ነው።

ስንሻው፦ ሆዷ ውስጥ የጠቀጠቅከው ቀይ ጨርቅ ምንድን ነው?

አንሙት፦ አየር ላይ የሚዘረጋ ጥላ ነው። ስትወርድ እንዳትሰበር።

ስንሻው፦ ዛሬስ አትተርፍም። አዘንብላት። ትንሽ ጨምር። በቃ፣ ለኩስ!

አንሙት፦ ጋሼ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ስንሻው፦ አፈሙዙ ማጅራትህ ላይ ነው፤ ተረቱን ለዳኛ ተርት። ለኩስ!

አንሙት፦ ለኮስኩ። ፊትህን ሸፍን።

ስንሻው፦ ሂጂ! ሂጂ፣ አቃጥያቸው! ... ምንድን ነው? ለምን ቀና አለች? አንተ! በላያችን ዞረች እኮ!

አንሙት፦ ነፋስ የሚገፋው ገለባ ነው፣ ጋሼ። ሮኬት ግን ክንፏ ከጭራዋ ስለሆነ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ታዞራለች። ነፋሱ ደግሞ ከኋላችን ነው የሚመጣው።

ስንሻው፦ አታለልከኝ! ካልገደልኩህ የአባቴ አጥንት ይፋረደኝ!

አንሙት፦ ግደለኝ። ግን አስቀድመህ ወደ ታች እይ።

ስንሻው፦ ሰዉ ለምን ከዳሱ ይወጣል? ለምን ወደዚህ ያንጋጥጣል?

አንሙት፦ ቀዩ ጨርቅ ተዘርግቶ አይተው ነው። «ስንሻው ጠመንጃ ይዞ ከወጣ ቀይ ጨርቅ ያላትን ስደድልን» ብለውኝ ነበር። ልለኩስ ስል ከለከልከኝ፤ ኋላ አንተው አስለኮስከኝ።

ስንሻው፦ እነማን ናቸው ያሉህ?

አንሙት፦ ሽማግሌዎቹ። እማዬም። ጠበል አልሄደችም። ዛሬ ባዘዘው ድንጋይ ተሸክሞ እግሯ ላይ ወድቋል፤ እርቁን ተቀብላለች።

ስንሻው፦ ውሸት! እዚያ ከነበረች ቀድመህ ለምን አልነገርከኝም?

አንሙት፦ ሽማግሌ ሳይጨርስ እንዳልተነፍስ አስምላኛለች። ብነግርህስ መች ታምነኝ ነበር? ጥርሴን ስታወልቅ እንኳ ለመስማት አልቆምክም።

ስንሻው፦ እየወጡ ነው... ወደ እኛ እየወጡ ነው! ቀድሞ የሚደርሰውን ግንባሩን ነው የምለው! ዞር በል፣ አትከልለኝ!

አንሙት፦ ይኸው፣ ዞር አልኩልህ። ከሁሉ ፊት የምትመጣዋ፣ ከሏን አውልቃ ነጭ የለበሰችው፣ እማዬ ናት። በል አነጣጥር።