የእሳት ቧንቧዎቹ መዝገብ ለሕዝብ የተከፈተ ጊዜ

የማዘጋጃ ቤቱ ሊፍት ባይበላሽ ኖሮ ይህን ታሪክ ለመጻፍ ባልታደልኩ ነበር። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጉልበቴ ከድቶኛል። የቤቴን ካርታ ኮፒ ለማውጣት ሄጄ፣ የደረጃውን መደገፊያ ይዤ ቁና ቁና እየተነፈስኩ ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ አገኘሁ።

አንደኛው የመዝገብ ቤቱ ሹም፣ የሠፈሬ ሰውና የቆየ ጓደኛዬ ነው። ማንም ምንም ቢጠይቀው መልሱ «ዝግ ነው» ስለሆነ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ «ጋሽ ዝግነው» ይለዋል፤ አዲስ ተቀጣሪዎችማ የእውነት ስሙ ይመስላቸዋል። ሁለተኛዋ የመረጃ ባለሙያ የሆነች የቀድሞ ተማሪዬ ናት።

«መምህር! እግዜር ነው ያመጣዎት፤ እስቲ ይፍረዱን» አለችኝ።

«ምኑን ነው የምፈርደው?»

«ይቺ ልጅ የከተማውን ገመና አደባባይ ካላወጣሁ ብላ ይዛኛለች» አለ ጋሽ ዝግነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምክር ቤቱ ከተማው የያዛቸው መረጃዎች ማንም ሰው ያለማመልከቻ እንዲያያቸው በድረ ገጽ ይለቀቁ ብሎ ወስኗል። መጀመሪያ የተመረጠው የእሳት አደጋ መኪኖች ውሃ የሚቀዱባቸው የመንገድ ዳር ቧንቧዎች መዝገብ ነው። ልጅቷ የውሳኔውን ደብዳቤ ይዛ መጥታለች፤ እሱ ደግሞ በሩ ላይ ቆሟል።

ደረጃ ላይ ቆሞ መከራከር ነውር ነው ብዬ ወደ መዝገብ ቤቱ አስገባኋቸው። ግድግዳው እስከ ጣሪያ ድረስ በብረት መደርደሪያ ተሞልቷል፤ እያንዳንዱ ፋይል ጀርባው ላይ ቁጥር አለው፤ አንዲትም ወረቀት ተንጋዳ አትታይም። ሰውየው ሥራውን እንደሚወድ ለማወቅ ዙሪያውን ማየት ይበቃል።

«የፈለገ ሰው ይጠይቅ፣ ይሰጠዋል። ማን ከለከለ?» ሲል ጀመረ።

«ለመሆኑ ስንት ቀን ይፈጃል፣ ጋሼ?»

«ማመልከቻ ያስገባል፤ ኃላፊው ይመራዋል፤ ሕግ ክፍል ያየዋል። ከተሯሯጠ በአሥራ አምስት ቀን ያልቅለታል።»

«እሳት አሥራ አምስት ቀን ይጠብቃል?»

ሳቄ አመለጠኝ። ጋሽ ዝግነው ገላመጠኝና ቀጠለ። «ልጄ፣ ከስድስት መቶ አሥራ ሁለቱ ቧንቧ ስንቱ እንደሚሠራ ታውቂያለሽ? እኔም አላውቅም። ይህን ለዓለም ዘርግተን መሳቂያ እንሁን?»

«ይሳቅብን። የሚስቀው ሰው ደጁ ያለው ቧንቧ መደፈኑን አይቶ ነው፤ ሲስቅ ያየውን ይነግረናል። እኛ ያሉን ሦስት ተቆጣጣሪዎች ናቸው፤ ደጁን በየቀኑ የሚያይ ነዋሪ ግን ከተማው ሞልቶታል።»

«ሌባስ? ክዳኑን ፈቶ እንዲሸጥ አድራሻ ልስጠው?»

«ሌባ ሥራው መዞር ነው፤ ክዳኑ የት እንዳለ ከእኛ ይበልጥ ያውቃል። የማያውቀው ቤቱ የሚነድበት ሰው ነው።»

እውነቱን ለመናገር እስከዚህ ድረስ ልቤ ያደላው ለጓደኛዬ ነበር። እኛ የዚያ ዘመን ሰዎች መጠበቅና መደበቅ አንድ ይመስሉናል። አደራ የተሰጠንን ነገር ማንም ካልነካው በደንብ የጠበቅነው ይመስለናል።

ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ ባለፈው በጋ የአንድ አናጢ ቤት ሲቃጠል የት ነበሩ?» አለችው።

«የዓመት ፈቃድ ላይ ነበርኩ።»

«የቃጠሎውን ሪፖርት አንብበውታል?»

«የታሸገ አላነብም። ቁጥር ሰጥቼ ቦታው አስቀምጣለሁ።»

«እንግዲህ እዚሁ ነዋ ያለው። ደብዳቤው እሱንም ክፈቱ ይላል።»

ጋሽ ዝግነው ተነሥቶ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይፈልግ ፖስታውን ከመደርደሪያው አወጣና ቀዶ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ።

«መኪናው በሦስት ደቂቃ ደርሷል። የያዘው ውሃ በአሥራ ሁለት ደቂቃ አልቋል። በአቅራቢያው ያለውን ቧንቧ ለማወቅ ወደ መዝገብ ቤት ቢደወልም…» ድምፁ ወረደ። «የመዝገብ ቤቱ ሹም ፈቃድ ላይ፣ ክፍሉም የተቆለፈ በመሆኑ፣ መኪናው ውሃ ለመቅዳት ወደ ጣቢያ ተመልሷል። ቧንቧው በማግሥቱ ከቤቱ አርባ ሜትር ርቀት ላይ አሸዋ ተከምሮበት ተገኝቷል። አናጢው መሣሪያውን ለማትረፍ ሲገባ ሁለት እጆቹ ተቃጥለዋል።»

መነጽሩን አወለቀ። «ማንም አልነገረኝም» አለ።

«ማን ይንገርዎት? ሪፖርቱም ዝግ ነበር።»

ከአፏ ከወጣ በኋላ እንደጸጸታት ፊቷ ላይ አየሁ። እሱ ግን አልተቆጣም። «አናጢው አሁን ይሠራል?» ብሎ ብቻ ጠየቀ።

«ግራ እጁ አይታጠፍለትም።»

ጋሽ ዝግነው የቧንቧዎቹን መዝገብ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ውሰጂው። እንዲሁ ግን አይደለም። እዚህ ውስጥ ቧንቧው ደጃቸው ያለ ሰዎች ስምና ስልክ ተጽፏል። ቧንቧው የከተማው ነው፤ ስማቸው ግን የራሳቸው ነው፤ እሱ ይውጣ።»

ልጅቷ ደነገጠች። «ይሄን እኔ አላሰብኩትም ነበር፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ሽማግሌ ለምን ይጠቅማል? ደግሞም እያንዳንዱ መቼ እንደተፈተሸ ቀኑ ይጻፍ። ያልታየውን ‹አልታየም› በይ። የማናውቀውን የምናውቅ አንምሰል።»

ፍረድ ተብዬ ነበርና ፈረድኩ፤ ሁለቱም ረቱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም ካርታዬን ረስቼ ሥራ አገኘሁ። «ከጫማ ሰፊው ማዶ»፣ «ከትልቁ ዛፍ ሥር» እየተባለ የተጻፈውን የድሮ አድራሻ ካርታ ላይ ስናስቀምጥ ሦስት ሳምንት ፈጀን።

መዝገቡ በተለቀቀ በመጀመሪያው ሳምንት ጋሽ ዝግነው የፈራው ደረሰ። ጋዜጣው «ከተማው የራሱን ቧንቧ አያውቅም» ብሎ ጻፈ። የቢሮው ኃላፊ ሦስታችንንም አስጠራንና ጠረጴዛውን መታ። «አዋረዳችሁን! አሁኑኑ ይውረድ!»

ልጅቷ አፏን ስትከፍት ጋሽ ዝግነው ቀደማት። «ክቡር ኃላፊ፣ የተበላሸው ቧንቧው እንጂ መዝገቡ አይደለም። መዝገቡን ብናወርደው ቧንቧው አይጠገንም። አንድ ወር ይስጡን፤ ካፈርን የማፍረው እኔ ነኝ።»

በዚያ ወር የሆነውን ያየ ሰው ስለ ከተማው ሕዝብ ክፉ አያወራም። ዘጠና ሰባት ጥቆማ መጣ። አንድ የታክሲ ሹፌር አስፋልት የዋጠውን ክዳን ፎቶ አንሥቶ ላከ። የአንድ ትምህርት ቤት ሴት ተማሪዎች በሠፈራቸው ያለውን ቧንቧ ሁሉ እየዞሩ አዩ። አንድ ቧንቧ ሠራተኛ ጭራሽ ያልተመዘገቡ ሁለት አገኘ። የውሃ ክፍሉ ሰዎችም ያልጠገኑት ቧንቧ ብዛት በድረ ገጹ በየቀኑ እየታየባቸው መተኛት አልቻሉምና ወሩ ሳያልቅ ሰማንያ አንዱን ጠገኑ።

በሁለተኛው ወር፣ ከምሳ በኋላ፣ ባለ አምስት ፎቅ መኖሪያ ሕንጻ ሁለተኛ ፎቁ በእሳት ተያያዘ። የሕንጻው ዘበኛ ስልኩን አውጥቶ ካርታውን ሲያይ ቧንቧው በቆመ ሚኒባስ ሥር ነው። ጎረቤቱን ጠርቶ መኪናውን ገፍተው፣ ክዳኑን ከፍተው ጠበቁ። የእሳት አደጋ መኪናው ሲደርስ ሠራተኞቹ ቱቦውን መግጠም ብቻ ቀራቸው። እሳቱ ከሁለተኛ ፎቅ አላለፈም። ከአራተኛ ፎቅ አንዲት አራስ ሕፃኗን ታቅፋ፣ አማቷን አስከትላ በእግሯ ወረደች፤ መንገዱ በእልልታ ተናወጠ። ጭሱን አይቼ የደረስኩት እኔም ወጉን ረስቼ ከሴቶቹ ጋር እልል ብያለሁ።

በሳምንቱ ከንቲባው የየክፍሉን ኃላፊዎች ሰበሰቡ፤ እኛንም ጠርተው «ቀጥሎ የእናንተም መረጃ ይከፈት» አሏቸው። የአምቡላንስ አገልግሎቱ ኃላፊ ተነሥተው «የእኛ መረጃ ለሕዝብ ዓይን ገና አልበቃም፤ ብዙ ጊዜ ዘግይተን እንደርሳለን፤ መጀመሪያ ይስተካከል» አሉ።

ጋሽ ዝግነው እጁን አወጣ። «ጌታዬ፣ እኔም ልክ እንደርስዎ ስል ኖሬአለሁ። ተስተካክሎ ይከፈት ያልነው ተዘግቶ አይስተካከልም። ስንከፍተው ግን የሰውን ስም ጠበቅን፣ የከተማውን ሥራ አሳየን፤ ስህተታችንን ሕዝቡ አረመልን። ለተቆጣጣሪ ዓመት የሚፈጀው በወር አለቀ። ሹፌሩም፣ ዘበኛውም፣ ተማሪዋም ከተማው የእኔ ነው አሉ። አራሷም በሕይወት አለች። ከዚህ ሌላ ምን እንፈልጋለን?»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ኃላፊው ጭብጨባው እስኪበርድ ቆመው ጠበቁና «እሺ፣ ተረታሁ። ለመሆኑ ከየትኛው ልጀምር?» አሉ።

«በጣም ከሚያሳፍርዎት ይጀምሩ» አላቸው።