አንድ ፊት ብቻ ያሳለፈ ፈተና

ክቡራትና ክቡራን፤

እንዲህ ብዬ ስጀምር ስንታየሁ ሳቀ። ይሳቅ። ሁላችንም ብንቆጠር ዘጠኝ ነን፤ ከዘጠኙም ሁለቱ ጉርድ ፎቶ ሊነሱ መጥተው፣ ዳቦው ሲቆረስ ደርሰው፣ እትዬ ጥሩሸዋ «ሳትቀምሱማ አትሄዱም» ብለው ያስቀሯቸው ደንበኞች ናቸው። ቢሆንም ክቡራን ናችሁ።

እትዬ ጥሩሸዋ፣ በግ አርደው፣ የፎቶ ቤቱን መጋረጃ አውርደው ጠረጴዛ ላይ አንጥፈው ስለሸኙኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሽ ዱባለ፣ እርስዎም ጉልበትዎን እያመመዎት ከራቤል ድረስ ስለመጡልኝ ዕድሜ ይስጥዎ። አራት ዓመት አብሬያችሁ ሠርቼ ዛሬ ወደ ደብረ ብርሃን ልሄድ ነው። ሥራ አግኝቼ ነው የምሄደው ብያችኋለሁ። እውነት ነው። ሙሉው እውነት ግን አይደለም፤ ሌላውን ዛሬ ካልተናገርሁት መቼም አልናገረውም።

ሞላሌ ስመጣ ሥራዬ ጉርድ ፎቶ ማተም ብቻ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ስቲከር የሚባል፣ በቴሌግራም በቃል ፈንታ የሚላክ የፊት ምስል መጣ። ትዝ ይላችኋል? አንዱ የማኅበሩን የቴሌግራም ግሩፕ አይቶ «የእኔም ፊት አሜን ይበል» ብሎ መጣ። በሳምንቱ አገር ምድሩ «የእኔም ፊት እንኳን አደረሳችሁ ይበል» እያለ በሩን ሞላው። ስንታየሁ በማውዝ እየዞረ ሰውን ከጀርባው ለይቶ ይቆርጣል። የአንድ ሰው ጆሮ ዞሮ ሳይጨርስ ምሳ ሰዓት ያልፋል።

እኔም ይህንኑ በራሱ የሚሠራ ስክሪፕት፣ ትንሽ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጻፍሁ። ፎቶዎቹን አንድ ፎልደር ውስጥ ትከታላችሁ፣ ታስነሱታላችሁ፣ በሌላው በኩል ስቲከር ሆነው ይወጣሉ። ስክሪፕት ግን ይሳሳታል። ስለዚህ እሱን የሚቆጣጠር ሌላ ስክሪፕት ጻፍሁ፤ እናንተ «ፈተናው» ያላችሁትን። እያንዳንዱን ስቲከር ይጠይቃል፤ ልኩ አምስት መቶ አሥራ ሁለት ፒክሰል ነው? ክብደቱ ለቴሌግራም ቀሏል? ጀርባው ጠርቷል? ሁሉም ደህና ከሆነ አረንጓዴ ይበራል፣ አንዱ ከጎደለ ቀይ።

ደግሞ አዳዲስ ጥያቄ የሚጨምርልን ስህተታችን ራሱ ነበር። አባ ገብረ ክርስቶስ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው ነጭ ግድግዳ ላይ ተነስተው፣ ስክሪፕቱ ጥምጥሙን ግድግዳ መስሎት ሲቆርጠው የሆነውን ታውቃላችሁ። ከቅንድባቸው በላይ ምንም የለም። ያንን ስቲከር ግሩፑ ሁሉ ተቀባብሎት እሳቸው መጨረሻ አዩት። መጥተው እዚያ በር ላይ ቆሙና «ልጄ፣ ዳዊቱን እኮ የያዝሁት ከቅንድቤ በላይ ባለው ነበር» አሉኝ። ይቅርታ ጠየቅሁ፣ የጥምጥም ፈተና ጨመርሁ። ከዚያ ወዲህ ያለ ጥምጥም የወጣ ቄስ የለም። እንዲህ ነው የምናርመው ብዬ ኮራሁ።

አሁን የማልስቅበት ቦታ ደረስሁ።

ጋሽ ዱባለ፣ እርስዎ በዚሁ ቤት በፊልም ዘመን የሰውን ሁሉ ኔጋቲቭ በቆርቆሮ ሳጥን አስቀምጠው ሠላሳ ዓመት ጠብቀዋል። ሰው ቤቱ ቢቃጠል፣ ፎቶው ቢጠፋበት፣ «ዱባለ ጋ አለ» ይላል። ካሜራው ተለወጠ እንጂ ልማዱ አልተለወጠም። ገበሬው የስልኩ ሚሞሪ ካርድ ሲሞላበት ያመጣልናል፣ ፎቶውን ወደኛ ኮምፒውተር እንገለብጣለን፣ ሚሞሪውን ባዶ አድርገን እንመልስለታለን። ደረሰኝ የለ፣ ፊርማ የለ። አደራ ነው፤ አልቋል።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ኮምፒውተሩ ሞልቶ መንቀራፈፍ ጀመረ። እትዬ ጥሩሸዋ አንድ ነገር አድርጊበት አሉኝ። አንድ መስመር ጨመርሁ፤ ስቲከሩ ፈተናውን ካለፈ ዋናው ፎቶ ይጥፋ የሚል። ማንንም አላማከርሁም። አረንጓዴ የበራለት ነገር አለቀ ብዬ ነበር የማምነው። ጋሽ ዱባለ ቢሰሙ ምን ይሉኝ እንደነበር አሁን አውቃለሁ፤ ያኔ ግን እርስዎን መጠየቅ ትዝም አላለኝ።

በዚያው ሰሞን ደግሞ ደንበኞች «ከጎኔ የሰው ግማሽ ፊት ቀርቷል» እያሉ አማረሩ። አንድ ፈተና ጨመርሁ፤ በአንድ ስቲከር አንድ ፊት ብቻ። ስክሪፕቱ ትልቁን ፊት ይይዛል፣ ሌላውን ከጀርባው ጋር ያጠፋል።

እስቲ ንገሩኝ፣ በዚህ አገር ማን ብቻውን ፎቶ ይነሳል? ካሜራ ከተያዘ ጎረቤት ይጠራል፣ ሕፃን ይታቀፋል፣ በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ ግባ ይባላል። ስንቱ ሰው አለ ፊቱ በሌላ ሰው ፎቶ ዳር ላይ ብቻ የሚገኝ? በየቀኑ እያየሁት አላየሁትም።

ለፋሲካ ሁለት መቶ አርባ ፎቶ በአንድ ጊዜ ፎልደሩ ውስጥ ከትቼ፣ ስክሪፕቱን አስነስቼ ምሳ ሄድሁ። ስመለስ ሁለት መቶ አርባው አረንጓዴ። አጨበጨብሁ። ስንታየሁም አጨበጨበ።

በሰኔ እማማ በለጠች መጡ። ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ፤ ከጓሳ አፋፍ ናቸው። ልጃቸው ጽናት በእግሯ ወጥታ፣ ባሕር ተሻግራ፣ ድምጿ ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኗል። ጅዳ የምትሠራ አንዲት የሞላሌ ልጅ «ፎቶዋን ላኩልኝ፣ ያገራችን ሰዎች ባሉበት ሁሉ እያሳየሁ እጠይቃለሁ» ብላቸው ነበር። ያቺ ልጅ ጽናትን በዓይኗ አይታት አታውቅም። እማማ በለጠች ደግሞ ያላቸው ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ ጽናት በአክስቷ ልጅ ሠርግ ከሙሽራዋ ጀርባ ቆማ የተነሳችው። ወንድሟ ሚሞሪውን አምጥቶ፣ እኛ ገልብጠን፣ ባዶውን መልሰንለታል። «እናንተ ጋ አለ ብሎኛል» አሉኝ እየሳቁ።

ፈለግሁ። ከሁለት መቶ አርባዎቹ አንዱ ነበር፤ ሙሽራዋ ለፋሲካ ስቲከር ያሠራችበት።

ያላደረግሁት የለም። ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ደብረ ብርሃን ወሰድሁት። የጠፋ ፋይል የሚያወጣ ፕሮግራም ሁለት ቀን ሙሉ ፈልጎ ሠላሳ አንድ ፎቶ አወጣ። እሷ የለችበትም። እሷ በነበረችበት የኮምፒውተሩ ቦታ ላይ እኔው የሠራኋቸው ስቲከሮች ተጽፈውበታል። ትምህርት ቤት ሄድሁ፤ ከሰባተኛ ክፍል ስላቋረጠች ለፈተና የተነሳችው ፎቶ የለም። ሙሽሮቹን ጠየቅሁ፤ የእነሱም ፎቶ ያለው እናንተ ጋ ነው አሉኝ። ከዚህ በላይ የት ይኬዳል?

እማማ በለጠች በየገበያው ቀን ይመጡ ነበር። በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሥራዬን እስክጨርስ ይጠብቃሉ። እኔም «እየፈለግሁ ነው» እላቸዋለሁ። እሺ ልጄ፣ ብርታቱን ይስጥሽ ብለው፣ መርቀውኝ ይሄዳሉ። እናንተም ሰምታችሁኛል። አምስት ወር ሙሉ ዋሸኋቸው። ቢቆጡኝ ኖሮ የምናገር ይመስለኛል፤ ምርቃቱ አፌን ያዘው። ይህን የደብረ ብርሃን ሥራ ስሰማ መጀመሪያ ያሰብሁት ደሞዙን አልነበረም። የገበያው ቀን ነበር።

ሐሙስ ዕለት ቤታቸው ሄድሁ። ሳልናገር አልሄድም ብዬ ነው የወጣሁት። ገብስ ሲያበጥሩ አገኘኋቸው። ቁጭ ብዬ ስለ ጤናቸው ጠየቅሁ፣ ስለ በጎቹ ጠየቅሁ፣ የምጠይቀው አለቀ። ስልኬን አውጥቼ የቀረውን ስቲከር አሳየኋቸው። ሙሽራዋ ብቻዋን ናት። ትከሻዋ ላይ ግን አራት ጣት አለ። ስክሪፕቱ ክንዱን ቆርጦ ጣቶቹን ከሙሽራዋ ልብስ ጋር አሳልፏቸዋል። ፈተናዬ ፊት ይቆጥራል እንጂ እጅ አይቆጥርም። ከዚያ በፊት ስንቴ እንዳየሁት አላውቅም፤ ጣቶቹን ያየሁት ግን እሳቸው ሲያዩአቸው ነው።

«የእሷ እጅ ነው» አሉ።

ሊዳብሱት በጣታቸው ሲነኩት ምስሉ ከስክሪኑ ላይ ተሰወረ። ደንግጠው እጃቸውን ሰበሰቡና አዩኝ።

«አጠፋኋት እንዴ?»

«አይ እማማ፣ እርስዎ አይደሉም» አልሁ። «ያጠፋኋት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኋቸው። ስለ ስክሪፕቱ፣ ስለ ፈተናው፣ ስለ ጨመርሁት መስመር፣ ስለ አምስቱ ወር። ምን ያህሉ እንደገባቸው አላውቅም። አልተቆጡኝም። ምስሉን መልሼ እንዳሳያቸው ጠየቁኝና ብዙ አዩት። በኋላ፣ በቃ ያለው ይኼ ከሆነ ይኼንኑ ለጅዳዋ ልጅ ላኪላት አሉኝ።

ምን ልበላቸው? በአራት ጣት ሰው አይፈለግም ልበላቸው? ላክሁት።

ልጅቷ ወዲያው መለሰችልኝ። «የጠፋችው ሙሽራዋ ናት?» አለችኝ።

እስካሁን አልመለስሁላትም። ምን ብዬ እንደምመልስላት ከእናንተ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ስንታየሁ፣ ያቺን መስመር አጥፍቻታለሁ፤ ዋናውን ፎቶ ከእንግዲህ የሚነካ የለም። በዚህ ግን የተመለሰ ነገር የለም። እማማ በለጠች በገበያ ቀን ከመጡ ወንበር ስጧቸው። እየፈለግን ነው አትበሏቸው። ሊጠይቋችሁ ሳይሆን ለመቀመጥ ብቻም ከመጡ አብራችኋቸው ተቀመጡ።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። እግዚአብሔር የራቀባችሁን ያቅርብላችሁ። እትዬ ጥሩሸዋ፣ ቤትዎ ሰው አይጣ። ጋሽ ዱባለ፣ ጉልበትዎን ያበርታው። የምትወዱት ሰው ሁሉ ከማንም ጀርባ ሳይሆን ከፊት ቆሞ፣ ብቻውን፣ በደንብ የተነሳው አንድ ፎቶ ይኑረው። አሜን በሉ። ዛሬ ከመሄዴ በፊትም መጋረጃውን መልሰን እንስቀለውና፣ አንድ በአንድ ላንሳችሁ።