እንደ በቅሎ የፈተሽኳት አውሮፕላን
በጣሊያን ጊዜ ሸዋ ሮቢት ላይ የበቅሎ ደላላ ነበርኩ። ማብረር የተማረ አንድ ጣሊያን ነጋዴ፣ ደንበኛዬ ነው፣ ከጦሩ አሮጌ አውሮፕላን ሊገዛ ሲሄድ «ይቺንም ምረጥልኝ» ብሎ እየሳቀ ወሰደኝ። እኔም ኮርቻ አንስቼ ቁስል እንደምፈልገው ሆዷን በእጄ ስዳብስ የተጣፈ ቀዳዳ አገኘሁ። «ይኼስ?» አልኩ። ሻጩ መኮንን የመለሰውን ደንበኛዬ ተረጎመልኝ፦ «ሮቢ ወንዝ ዳር ማሽላ ውስጥ የተደበቀ ሽፍታ ተኩሶ መታት። ዞረው መጥተው እዚያው አስቀሩት።»

ወላሂ፣ እጄን ከቀዳዳው ላይ መንጭቄ አነሳሁ። ወንድሜን ሰይድን አንስተን የቀበርነው ከዚያ ማሽላ ውስጥ ነው።

«በቅሎ ብትሆን ትገዛት ነበር?» አለኝ ደንበኛዬ።

«ሰው የገደለች በቅሎ እኛ ዘንድ አትገዛም፣ ጌታዬ።»

ሳቀና ገዛት። ከዚያ ወዲያ እናቴ የአውሮፕላኗን ድምፅ በሰማች ቁጥር ከቤት ወጥታ ትሮጣለች፤ ሰውየው ደግሞ ከላይ ሆኖ እጁን ያውለበልብልኛል።